በድርቁ የመጣችው እንቁራሪት

በዚያ ስፌት ቤት ሰው የሚጠራው እናቱ ባወጣችለት ስም ሳይሆን እጁ በለመደው ሥራ ነበር። ቁልፍ የሚተክሉትና የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠሩት አሮጊት «እትዬ ቁልፍ» ናቸው። ልብስ የሚተኩሰው ጎልማሳ፣ ሥራውም ጠባዩም ትኩስ ስለሆነ፣ «ካውያው» ነው። እጅጌ የምትገጥመው ሴት «እጅጌ» ተብላ ቀረች። ባሏም በሕይወት ሳለ «ቆራጩ» ነበር። ከሞተ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም፤ መቀሱ ግን ዛሬም ከጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ መቀስ ገዝተው በዚያ ይቆርጣሉ እንጂ እሱን የሚያወርደው የለም።

እጅጌ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፊደል የለየችው ከጋዜጣ ነው፤ ያውም ከተቆራረጠ ጋዜጣ። ቆራጩ ለልክ የሚጠቀመው አሮጌ ጋዜጣ ስለነበር እሷ ዘንድ የሚደርሰው ወሬ ሁሉ በእጅጌ ቅርጽ የተቆረጠ ነው። «ከገበያ የጠፋችው በቅሎ ትናንት ማለዳ ከነጭነቷ» ይልና ብብቱ ላይ ሲደርስ ቀሪውን መቀስ በልቶታል። በቅሎዋ ከነጭነቷ ምን እንደሆነች ዓለም አያውቅም። እጅጌ ግን ታውቃለች።

«ከነጭነቷ ሠርግ ቤት ገባች» ትላለች።

ቆራጩ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ መቀሱንም ሳያቆም፣ «ከዚያስ?» ይላል።

«ከዚያማ ሙሽራው ስጦታ መስሎት አቅፎ ሳማት።»

«ከዚያስ?»

«ሙሽሪት አኮረፈች። 'እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ ታውቃለህ?' አለችው።»

«ከዚያስ?»

እንዲህ እንዲህ እያለ እጅጌው ተገጥሞ ያልቃል። መብራት ጠፍቶ የስፌት መኪናው ሁሉ ዝም ሲልማ ሌላው ሰው በርጩማውን እየጎተተ ይከባታል። እሷም ደስ ያላትን ወሬ በእርሳስ ከወረቀቱ ዳር ትጽፈዋለች። ቆራጩ ውሸት ነፍሱ ነበር። ግን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «ምክንያት የሌለው ውሸት ክር የሌለው መርፌ ነው፤ ይወጋል እንጂ አይሰፋም» ይላል። ስለዚህ በቅሎዋ ሠርግ ቤት የገባችው እህል ሸቷት መሆኑን መናገር ግድ ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ እጅጌ ወሬ አልቀጠለችም። ጋዜጣው ብብት ላይ ሲቆም እሷም እዚያው ትቆማለች። በቤቱ ውስጥም «ከዚያስ» የሚለው ቃል ነውር ሆነ። ሰው ጨዋታ ሲያመጣ «እሺ፣ በኋላስ?» ይባላል እንጂ ያቺን ቃል ማንም አይደፍራትም። ካውያው አንዴ አምልጦት «ከዚ—» ብሎ በሳል አፈናት። ሳሉን ለማስመሰል ቀኑን ሙሉ ሲስል ዋለ።

ብቻዋንም አይተዋትም። ምሳዋን ስትበላ እትዬ ቁልፍ ከጎኗ ናቸው። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ካውያው «መንገዴ ነው» ይላል፤ ቤቱ ግን በተቃራኒው ነው። ዓይኗ እርጥብ ካለ ሦስት መሐረብ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል፤ እንባው ከመውረዱ በፊት ይጠረጋል። እጅጌ ፍቅራቸው ይገባታል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠግባ አላለቀሰችም።

ቆራጩ የተወላቸው ሌላ ነገር የሎሚ ዛፍ ነው። በግቢው ጥግ ከፍሬ አብቅሎ ያሳደገው ነው። እጁ የመኪና ዘይት ሲሸተው ቅጠሉን በመዳፉ እያሸ ያጸዳ ነበር። ፍሬ የሰጠ ዓመት ለሁሉም አንዳንድ እያደለ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይልና፣ «እኛ ግን አምስት ነን፤ ትንሽ ትከብደናለች» ብሎ ይስቃል። አምስተኛው የግቢው ዘበኛ ናቸው።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ነጭ ሆነ። ከድልድዩ ሥር የነበረው ወንዝ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ኩሬ ኩሬ ሆነ፣ በመጨረሻ ድንጋዩን አስጥቶ ጠፋ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ሳይሆን ትንፋሽ ያወጣል። የስፌት ቤቱ ሰዎች አንድ በርሜል አቆሙና ሁሉም ከየሰፈሩ ተሰልፎ የቀዳውን በጄሪካን እያመጣ እዚያ ይጨምር ጀመር። ለመጠጥም ለልብስ መተኮሻውም ከዚያው ነው። አንድ ቀን በርሜሉን ከበው ቆሙና ተስማሙ፤ ጠብታ አይባክንም፤ ከሰው የሚተርፍ እስኪገኝ ድረስ ለዛፍም አይሰጥም። «ለዛፍም» ሲባል ሁሉም ወደ እጅጌ አየ። እጅጌም ጨክና፣ «ልክ ነው፣ ሰው ይቀድማል» አለች።

ሎሚው ቢጫ መሆን ጀመረ። ቅጠሉ አንድ በአንድ፣ በኋላም በእፍኝ በእፍኝ ይረግፍ ገባ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰኞ የቤቱ ባለቤት መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲነጋገሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የሚይዙ ሰው ናቸው።

«ልጆች፣ ምሥራች ይዣለሁ» አሉ። «የውሃ ታንከር አግኝቻለሁ። ቧንቧው ብልጭ ባለ ቁጥር ሞልቶ ያቆይላችኋል። ቅዳሜ አመጣዋለሁ።»

እልል ሊባል ምንም አልቀረም።

«ቦታው ያው ሎሚው ያለበት ጥግ ነው። ዛፉ እንደሆነ ሞቷል።»

የተከፈተው አፍ ሁሉ ተዘጋ። እጅጌ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «አልሞተም» አለች።

«ልጄ፣ እኔም ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«አልሞተም፣ ጌታዬ። ባለቤቴ ነው የተከለው።»

ሰውየው ባርኔጣቸውን አንዴ አዞሩት። «አውቃለሁ። ነፍሱን ይማር፣ ይህን ኮት የቆረጠልኝ እሱ ነው። እሺ፣ እስከ ቅዳሜ አንዲት አረንጓዴ ነገር ካሳየኝ አስብበታለሁ። ካልሆነ ግን መጥረቢያ የያዘ ሰው ይዤ ነው የምመጣው። አንቺም ውሃ ያስፈልግሻል።»

እውነታቸውን ነው። በዚህ ነበር የከበደው። ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጣላት ይቻል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅጌ የምትጠጣውን ውሃ መጠጣት ተወች። የድርሻዋን ብርጭቆ ተቀብላ፣ ከንፈሯን አስነክታ፣ ሰው ዞር ሲል ወደ ሎሚው ትሮጣለች። «የራሴን ነው የምሰጠው፤ ከማንም አልሰረቅሁም» ትላለች ለራሷ። ከዛፉ ሥር ዘበኛው ደረቅ አቧራ አልብሰው፣ እትዬ ቁልፍም «ጥላ ይሆነዋል» ብለው ብጥስጣሽ ጨርቅ አነጥፈውበታል። እሷም ውሃውን አፍስሳ ጨርቁን መልሳ ትሸፍናለች። ቅጠሉ ግን ይባሱን ይረግፋል። ባሰበት ቁጥር ትጨምርለታለች።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ከግቢው አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ቋ።»

ካውያው ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳ። «ማነው?»

«ቋ» አለ ድምፁ መልሶ።

ዘበኛው በበሩ ብቅ አሉ። «ሰምታችኋል? እንቁራሪት ናት!»

«ጋሼ፣ በዚህ ድርቅ እንቁራሪት?» አለ ካውያው። «እንቅልፍ ነው።»

«ቁጭ ብዬ ነው የሰማኋት!»

«እርስዎ ቁጭ ብለውም ይተኛሉ።»

«ቋ» አለች እንቁራሪቷ፤ ለዘበኛው መሰከረች። በቤቱ ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ተነሣ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መኪናዎቹ ዝም አሉ፤ የልብስ መተኮሻውም ቀዝቅዞ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠ። ነገ ቅዳሜ ነው። ሁሉም ያስባል፣ ማንም አያነሣም። እንቁራሪቷ ብቻ ከውጭ ትናገራለች።

«ለመሆኑ ምን ፈልጋ መጣች?» አለ ካውያው ዝምታው ሲያስጨንቀው። «ልብስ ልታሰፋ?»

«እንቁራሪት እጅጌ የሌለው ነው የምትለብሰው» አሉ ዘበኛው። «ለእጅጌ ሥራ አላመጣችም።»

«ቁልፍም የላትም» አሉ እትዬ ቁልፍ ተክዘው። «የኛ ደንበኛ አይደለችም።»

እጅጌ ከእጇ ላይ ያለውን ወረቀት ታይ ነበር። ባሏ የቆረጠው አሮጌ ልክ ነው። «የወንዙ መድረቅ ያሳሰባቸው ነዋሪዎች» ይልና ብብቱ ላይ ያልቃል። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«ወንዙ የደረቀ ዕለት» አለች፣ «እንቁራሪቷ የመጨረሻዋ ኩሬ ውስጥ ነበረች።»

ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። እትዬ ቁልፍ በአፋቸው የያዙትን ክር እንኳ አላወጡም።

«ጎረቤቶቿ ሁሉ ሄደዋል። እሷ ግን 'ነገ ይዘንባል' እያለች ቆየች። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ኩሬው ሆዷን እንጂ ጀርባዋን አልሸፍን አላት። ያኔ ዕቃዋን ሸከፈች።»

«ምን ዕቃ አላት?» አለ ካውያው።

«ድምፅዋን ነዋ! ሌላ ምን አላት? ድምፅዋን ጉሮሮዋ ውስጥ ጠቅልላ ወጣች። መጀመሪያ ዳቦ ቤት ደረሰች። 'እንግዳ ታሳድራላችሁ?' ብትል ጋጋሪው 'ለሊጡ ያጣሁትን ውሃ ላንቺ ከየት ላምጣ?' አላት። ፀጉር ቤት ሄደች። ፀጉር አስተካካዩ 'እኔም ሰውን በደረቁ ነው የምላጨው' አላት፤ የሚላጨውም ሰው ከወንበሩ ላይ 'እውነቱን ነው፣ እህቴ' ብሎ አለቀሰ። ሁሉም ቤት ጥም አለ። ክፉ ሰው ግን አላጋጠማትም። እንዲህ ስትል የኛ በር ደረሰች። ዘበኛው ተኝተው ነበር—»

«መቼ ተኛሁ!»

«—ዓይናቸውን አሳርፈው ነበር። በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። ግቢውን ቃኘች። ከሎሚው ሥር ስትደርስ 'እዚህ ነው ቤቴ' አለች።»

እዚህ ላይ እጅጌ ቆመች።

ሦስቱም ሊጠይቁ ፈልገው ከንፈራቸውን ነከሱ። የሚጠየቀው በአንዲት ቃል ነው፤ ያቺ ቃል ደግሞ የቆራጩ ናት። በመጨረሻ እትዬ ቁልፍ፣ «እሺ... በኋላስ፣ ልጄ?» አሉ።

«አልሄድ አለኝ» አለች እጅጌ ግንባሯን ቋጥራ። «ለምን እዚህ?»

«ጥላውን ወዳ» አለ ካውያው።

«የትኛውን ጥላ? ቅጠሉ አልቋል።»

«እኛን ወዳ ይሆናላ» አሉ ዘበኛው።

«እንቁራሪት ሰው ወዳ አትመጣም፣ ጋሼ። ክር የሌለው መርፌ ነው ይሄ። በቅሎዋ እንኳ እህል ሸቷት ነው የገባችው።» እጅጌ ዓይኗን ጨፈነች። ራሷን እንቁራሪት አደረገች። ቆዳዋ ደርቆ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ፣ ከተማ ሙሉ አቋርጣ መጥታለች። ምን ቢሸታት ነው እዚህ ቁጭ የምትለው? «እንቁራሪት የምትፈልገው እርጥብ ነው። እኛ ግቢ ደግሞ እርጥብ የለም...»

ካውያው የቀዘቀዘውን ካውያ ገልብጦ ሆዱን መመርመር ጀመረ። እትዬ ቁልፍ የሌለ ክር መርፌ ውስጥ ያስገባሉ። ዘበኛው ጣሪያ ያያሉ። እጅጌም ራሷ ጆሮዋ ጋለ፤ ብርጭቆዋ ትዝ አላት። ግን በአንድ ብርጭቆ እንቁራሪት ከወንዝ ትመጣለች?

ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት። ከሎሚው ሥር ተንበርክካ ብጥስጣሹን ገፈፈች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ጣቷን ወደ መሬቱ ሰደደች። ጣቷ ገባ። እጇም ገባ። እስከ አንጓዋ ድረስ ቀዝቃዛ ጭቃ ዋጣት፤ የከረመ ውሃ ሽታ ወጣ። ከጨርቁ መሐል እንቁራሪቷ ዘልላ ካውያው ጫማ ላይ አረፈች፤ ካውያውም እንደ ሕፃን ጮኸ።

«ማነው ያጠጣው?» አለች እጅጌ።

ሦስቱም ጭቃውን ያያሉ።

«እኔ አጠጥቻለሁ» አለች ቀድማ። «የመጠጤን። ከሰኞ ጀምሮ።»

«እንዴ!» አሉ እትዬ ቁልፍ። «እኔኮ አንቺ ትጨክኛለሽ ብዬ ነው... ከቤት በፔርሙስ እያመጣሁ። እርጥቡ እንዳይታይ ደግሞ ጨርቅ አለበስኩት።»

«ጥላ ነው አላሉም ነበር?» አሉ ዘበኛው።

«እርስዎስ አቧራውን ለምን አለበሱት?»

ዘበኛው ጺማቸውን አሹ። «ፊቴን የምታጠብበትን ነው። ፊት ደግሞ ታጠበ አልታጠበ ምን ይጨምራል? በማለዳ እየመጣሁ እሰጠው ነበር። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ጠል ነው ብዬ ነበር።»

«በድርቅ ጠል!» አለ ካውያው። ወዲያው ግን ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ፊቱ ቀላ። «እሺ፣ እሺ! ካውያ ላቀዝቅዝ ብዬ ስወጣ... አንዳንድ ጣሳ። ጨመር ያልኩትም አለ። እንዲህ ሳደርግ ነው የከረምኩት።»

እጅጌ ጭቃ በጭቃ የሆነ እጇን እያየች ቆየች። ከተማው ሁሉ በጥም ሲነድ በዓለም ላይ በውሃ ሰጥሞ የሚሞት አንድ ፍጡር ቢኖር የነሱ ሎሚ ነው። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ዘበኛው ግድግዳ ተደግፈው፣ ካውያው በርጩማ ላይ ተደፍቶ፣ እትዬ ቁልፍ ጥርሳቸው እንዳይወልቅ በእጃቸው ደግፈው።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይሄ ነው» አሉ እትዬ ቁልፍ።

ካውያው ከጎረቤት ዶማ ተውሶ ሲቆፍር ዋለ። ሥሩን ነፋስ አስነኩት፤ ውሃውም ወደ ግቢው መሐል ቀስ ብሎ እንዲንጠፈጠፍ ትንሽ ቦይ አወጡለት።

«አሁንስ ምን እናድርግለት?» አሉ እትዬ ቁልፍ።

«ምንም» አለች እጅጌ።

«እንዴት ምንም?»

«ምንም፣ እትዬ። እንተወው።»

ይህ ለነዚያ ሰዎች ከመቆፈር የከበደ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ መጡ፤ ከኋላቸው ታንከር የጫነ ጋሪ፣ ከጋሪው ጎን መጥረቢያ የያዘ ሰው። ሎሚው ራቁቱን ቆሟል። በአንድ ቀን ተአምር አልሆነለትም። አረንጓዴ የሚባል ነገር ያለው እንቁራሪቷ ላይ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አረንጓዴው የታል?» አሉ ሰውየው፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን።

«ጊዜ ይስጡት፣ ጌታዬ። የታመመው በኛ ነው።»

«ጊዜማ ታንከሩን ይዤው የት እቆማለሁ?» ብለው ቦታውን ለጋሪው ሰው ለማሳየት ወደ ጥጉ ተራመዱ። አንድ እርምጃ። ሁለተኛው እርምጃ ግን ወደ ላይ አልተመለሰም። እግራቸውን ሲስቡ እግራቸው ወጣ፣ ጫማቸው ቀረ። በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ባርኔጣቸውን እንደ ሚዛን ዘርግተው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ካውያው ጀርባውን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጅጌ ጫማቸውን ከጭቃው ነቅላ እያወጣች ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ከደረቀው ወንዝ ጀምራ፣ በዳቦ ቤቱና በፀጉር ቤቱ አድርጋ፣ እስከ ሎሚው ሥር። ሰውየው ጫማ ማድረግ ረሱ። ባዶ እግራቸውን ጋሪው ላይ ሰቅለው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ «ከዚያስ?» አሉ።

ዘበኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውየው ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። እጅጌ ጭቃ የለበሰውን ጫማ እንደታቀፈች ቆመች፤ ፊቷ ሳቀ፣ እንባዋም ወረደ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሦስት እጆች ወደ ሦስት ኪስ ገቡ።

«መሐረቡን ይያዙት፣ እትዬ» አለች። «እናንተም። ዛሬ ተዉት ይፍሰስ። ቦይ አለው።»

እጆቹ ከኪስ ሳይወጡ ቀሩ። እሷም ሳትጠርገው ቀጠለች። «ከዚያማ፣ ጌታዬ፣ አራት ሰው ባለው ቤት አራት ሌባ ተገኘ...»

ጨርሳ ስታበቃ መጥረቢያ የያዘው ሰው መሬቱን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ «ጌታው፣ ይሄ ጭቃ ላይ የሞላ ታንከር ካቆምን ነገ አናቱን ጎረቤት ግቢ ነው የምናገኘው» አለ። «ጠንካራ መሬት የለም?»

ጠንካራ መሬት ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ዘበኛው ዘመናቸውን ሙሉ ተቀምጠው እንደ ሲሚንቶ ያጠነከሩት።

«ቧንቧው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ይደርሳል» አሉ ባለቤቱ።

«የኔስ ወንበር?» አሉ ዘበኛው።

«ከሎሚው ጎን ይሁንልዎ፣ ጋሼ።»

«እሰጥማለሁ!»

«ምን ያሳስብዎታል፣ ጋሼ?» አለ ካውያው። «ቢሰጥሙም እንቅልፍ ላይ ነው፤ አይሰማዎትም።»

ታንከሩ በደረቁ ጥግ ቆመ። ቧንቧው ሲመጣ ሞላ፣ ሲሄድ አጠጣቸው። ሎሚውን ግን ማንም አላጠጣውም። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ያልፋል። ጭቃው መጀመሪያ ጠነከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ። አንድ ቀን «ቋ» የሚል ሳይሰማ ዋለ፤ በማግስቱም። ካውያው «ቤቱ ቀዘቀዘ» እያለ አጉረመረመ፤ ለትኩስ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከሞተ ከሚመስል ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ከሕፃን ጥፍር የማትበልጥ ቅጠል ወጣች። ያያት እጅጌ ናት። አልጮኸችም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህኗን፣ እርሳሷንና አንድ የጋዜጣ እጅጌ ይዛ፣ «ብቻዬን ልብላ» ብላ ከሎሚው ሥር ተቀመጠች። ሦስቱ በመስኮቱ ተደርድረው እንዳላዩ ሆነው ያዩዋታል። ስታለቅስ አዩዋት፤ ዝም አሉ። ስትጽፍም አዩዋት።

ካውያው መቻል አቃተው። መስኮቱን ከፈተና፣ «እሺ እንቁራሪቷ የት ሄደች?» ብሎ ጮኸ።

«ተቀይማ ሄደች!» አለች እጅጌ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «'እነዚህ ሰዎች መውደድ አያውቁበትም ነበር፤ ያወቁበት ዕለት ደግሞ ቤቴን አደረቁት' ብላ ድምፅዋን ጠቅልላ ወጣች።»

ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ እትዬ ቁልፍ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደገፉ፣ ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ካውያው ሳል አላስመሰለም፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፣

«ከዚያስ?»